ዕዳ ላጎበጠው ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ይበቃልን?



 

በጋዜጣ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የሌላው ሰው ጥፋት ይጻፋል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን በቅድሚያ ራሴን ለመውቀስ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ታዋቂ ደራሲ ንግግር ቢሆንም፣ የሚያልቀው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ በዱቤ መዝገቤ ላይ ነው።

የምኖረው መቂ ነው። ዘር፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት እሸጣለሁ። በመቂ በኩል ያለፈ መንገደኛ ሁሉ በአስፋልቱ ዳርና ዳር የተከመረውን የቲማቲም ሳጥንና የሽንኩርት ጆንያ፣ ማታ ማታ ወደ አዲስ አበባ ለመጫን የሚሰለፈውን አይሱዙ አይቶ ያውቃል። ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ጣጣ የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። ወጣቱ መሬት በኮንትራት ይይዛል፤ ከወንዙ ወይም ከዝዋይ ሐይቅ ውኃ የሚስብ ሞተር ይከራያል፤ ነዳጅ ይገዛል፤ ለቀን ሠራተኛ ይከፍላል። ዘሩንና መድኃኒቱን ደግሞ እንደ እኔ ካለ ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። ምርቱ ሲደርስ ዋጋ የሚቆርጥለት ደላላው ነው። ቲማቲም እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ የተሻለ ቀን አይጠብቅም፤ ከበሰለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሸጠ ይበሰብሳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ አንድ ጥሩ ወቅት ቤት ያሠራል፤ አንድ መጥፎ ወቅት ቤት ያሸጣል።

ስሙን የማልጠራው አንድ ወጣት አለ። ከአባቱ ጋር (አላህ ይዘንለትና) በጁሙዓ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ዓመታት አሳልፈናል። ልጁ በመስኖ ሥራ ሁለት ወቅት ተሳክቶለት ነበር። በሦስተኛው ላይ ቱታ አብሶሉታ ማሳው ገባ። ይህ ተባይ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ብዙ አገር ያዳረሰ ሲሆን፣ ወደ እኛ አገር መግባቱ የተመዘገበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ትሉ ቅጠሉንና ፍሬውን ከውስጥ እየቦረቦረ ስለሚኖር መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ መድኃኒቱንም ቶሎ ይለምደዋል። ልጁ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየቀያየረ ረጨ። ሦስቱንም በዱቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከተባዩ የተረፈው ጥቂት ሳጥን ገበያ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ወድቆ ቆየው። የለቃሚዎቹን የቀን ሒሳብ እንኳ አልሸፈነም። በመዝገቤ ላይ ስሙ ያለበት ገጽ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተሻገረ።

ጉዞ ወደ አዳማ

በዚያው ሰሞን አንድ የታወቀ ደራሲ አዳማ ላይ ንግግር እንደሚያደርግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየሁ። የዚህ ሰው መጻሕፍት ከመንገድ አዟሪዎች እጅ አይጠፉም፤ ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ራስ መተማመን ናቸው። ስሙን የማልጽፈው ሐሜት እንዳይሆንብኝ ነው፤ ጉዳዬም ከንግግሩ እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። ሐቁን ለመናገር ሁለት መጻሕፍቱን አንብቤ ተጠቅሜባቸዋለሁ። የቤቴን ወጪ በየቀኑ መመዝገብ የጀመርኩት ከአንዱ ተምሬ ነው።

ሁለት ቲኬት ገዛሁ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለልጁ። ለጎረቤት የተናገርኩት «ልጁ ተሰብሯልና ይነቃቃ» ብዬ ነው። በልቤ ውስጥ የነበረው ግን «ተነቃቅቶ ወደ ሥራ ይመለስና ዕዳዬን ይክፈለኝ» የሚል ነበር። ሥራ የሚመዘነው በኒያ መሆኑን ገና በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ተምረናል። እኔ ግን ኒያዬን ከራሴም ደብቄው ነበር።

ለስምንት ሰዓት ተጠርተን ንግግሩ የተጀመረው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የዐስርን ሶላት ለመስገድ የፈለግን ሰዎች ተራ በተራ እየወጣን ደረጃ ሥር ሰገድን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ልጅ ያዘለች እናት ሳይቀር መጥቷል። ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል። ተናጋሪው ወጥቶ ሁላችንንም አስነሣንና «እኔ ሀብታም ነኝ» ብለን ሦስት ጊዜ እንድንጮህ አዘዘን። እኔ ሐጅ ያደረግሁ፣ ጢሜ የሸበተ ሰው አፌን ሞልቼ ጮህኩ። ጎኔ የቆመው ልጅ ግን ከንፈሩን አላላወሰም። በዚያች ሰዓት «አይ የዚህ ልጅ ስንፍና!» ብዬ ታዘብኩት።

ከዚያ ታሪኩን ነገረን፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በፊት ምን ይበላ እንደነበረና አሁን ምን እንደሚነዳ። መሐል መሐሉ ላይ «ለዛሬ ብቻ» በሚባል ዋጋ መጽሐፍ ይሸጣል። የንግግሩ ፍሬ ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር። አንደኛ፣ ድህነት የሚኖረው ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ በሕይወታችሁ የደረሰባችሁን ሁሉ በሐሳባችሁ የጠራችሁት እናንተው ናችሁ። ከአድማጩ መካከል ብዙ ሙስሊም መኖሩን አይቶ ነው መሰለኝ፣ የሱረቱ ረዕድን አንቀጽ 11 ጠቀሰ፤ አላህ ሕዝቦች በራሳቸው ያለውን እስኪለውጡ ድረስ የእነርሱን ሁኔታ እንደማይለውጥ የሚናገረውን ማለት ነው። እኛም አጨበጨብን።

ያልተመለሰው ጥያቄ

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ልጁ እጁን አወጣ። ኮራሁበት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፤ «ማሳዬን ተባይ በላው። የተረፈኝን ደላላ ባወጣው ዋጋ ሸጥኩ። አሁን ዕዳ አለብኝ። ከየት ልጀምር?» አለ።

ተናጋሪው ጣቶቹን እየቆጠረ «ተባይ፣ ደላላ፣ ዕዳ! ሦስት ምክንያት ደረደርክልን። አሸናፊ ሰው ምክንያት አይደረድርም!» አለው። አዳራሹ ሳቀ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ማይክራፎኑ ወደሚቀጥለው ጠያቂ ሄደ።

ከሞጆ ወደ መቂ በያዝነው ሚኒባስ ውስጥ ቆቃን እስክናልፍ ድረስ አልተነጋገርንም። ከዚያ ልጁ፦

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ።

«ጠይቅ ልጄ።»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣሁ ሞተር አስነሣ ነበር። ያን ጊዜ ጥሩ ጥሩውን ነበር የማስበው፤ ለእናቴ ጣሪያ ላድስላት ነበር። ታዲያ ቱታውን የጠራሁት በየትኛው ሐሳቤ ነው?»

መልስ ነበረኝ። ስለ ቀደር ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ፤ ለቀስተኛም አጽናንቼበታለሁ። ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ግን «አንተ ደግሞ! ጥሩ ጥሩውን ብቻ ውሰድ» የሚል ነበር። እርሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ «የእርስዎን ገንዘብ እከፍላለሁ፣ አይስጉ» አለኝ። ለካስ ኒያዬን ከእኔ በፊት አውቆታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጁሙዓ ሶፍ ላይ አጣሁት። በሱቄ በር ላለማለፍ በኋላ ባለው ጥርጊያ ዞሮ እንደሚሄድ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነገረኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር፣ ምክንያቱን ሲጠየቁም ባለዕዳ ሰው ሲናገር ወደ መዋሸት፣ ቃል ሲገባም ወደ ማፍረስ እንደሚገፋ ማስረዳታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ይህ ልጅ አልዋሸም፤ ግን ከሶፉ ጠፋ።

ከሐዲሱ መጽሐፍ ፊት

ወደ አንድ ኡስታዝ ዘንድ ሄድኩ። ምክር ፍለጋ አልነበረም፤ ስሞታ ላሰማ ነው። «ወጣቱ ሰንፏል፣ ምክርም አይሰማም፣ ሶላትም መተው ጀምሯልና ስለ ስንፍና ኹጥባ አድርጉልን» አልኳቸው። ልጁ ስላጋጠመው ነገር ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ዝም ብለው ተነሥተው የሙስሊምን ሶሒሕ አወረዱና የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪን (ረ.ዐ.) ሐዲስ አነበቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው የገዛው የፍራፍሬ ምርት ላይ አደጋ ደርሶበት ከሰረ፤ ዕዳውም በዛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሶደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። ሰዎቹም ሰጡት፤ የተዋጣው ግን ዕዳውን አልሞላም። በዚህ ጊዜ ወደ አበዳሪዎቹ ዞረው፣ ያገኙትን እንዲወስዱና ከዚያ ያለፈ እንደሌላቸው ነገሯቸው።

ኡስታዙ መጽሐፉን ሳይዘጉ «ሐጂ፣ ያ ሰው ስለ አስተሳሰቡ ተጠየቀ?» አሉኝ። «አልተጠየቀም» አልኩ። «በሰው ፊት ተሳቀበት?» «አልተሳቀበትም።» «ታዲያ በዚህ ሐዲስ ውስጥ ትእዛዝ የደረሳቸው እነማን ናቸው?» አሰብኩና «ጎረቤቶቹና አበዳሪዎቹ» አልኩ። «እርስዎስ ከየትኞቹ ነዎት?» አሉኝ። ከሁለቱም ነበርኩ።

ቀጥሎም የጃቢርን (ረ.ዐ.) ሐዲስ አሳዩኝ። ፍሬ ለወንድሙ የሸጠ ሰው፣ ፍሬው በአደጋ ከጠፋ ከወንድሙ ምንም መውሰድ እንደማይፈቀድለት ይናገራል። ኡስታዙ ጉዳዩን አላጋነኑትም። ይህ ሐዲስ በዛፍ ላይ ያለ ፍሬ የሸጠውን እንጂ እንደ እኔ መድኃኒት በዱቤ የሸጠውን በቀጥታ እንደማይመለከት፣ በርሱ ላይም ዑለማእ ግዴታ ነው ወይስ ተወዳጅ ነው በሚለው መለያየታቸውን አስረዱኝ። «ገንዘቡ ሐቅዎ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን ሱረቱ በቀራ አንቀጽ 280ን ያስታውሱ፤ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ መተው ደግሞ ለአበዳሪው የተሻለ ነው። ለባለዕዳ ጊዜ የሰጠን ወይም የተወለትን ሰው አላህ በጥላው ሥር እንደሚያስጠልለው በዚሁ በሙስሊም ኪታብ ውስጥ አለ።»

እኔም የነጋዴ ነገር ሆኖብኝ «እንግዲያው ዕዳውን እተውለታለሁ፤ ከዘካዬ ይታሰብልኝ» አልኩ። ፈገግ አሉ። አብዛኞቹ ዑለማእ ይህን እንደማይቀበሉ ነገሩኝ፤ ዘካ ከእጅ ወጥቶ ለባለመብቱ የሚሰጥ ነውና የማይገኝን ዕዳ ሰርዞ «ዘካ አወጣሁ» ማለት ራስን መጥቀም ነው። ከቀደምቶች የፈቀዱ ቢኖሩም ጥንቃቄው የመጀመሪያው ነው አሉኝ። «ዕዳውን ለአላህ ብለው ይተዉ። ዘካዎን ደግሞ ለብቻው ያውጡ» አሉኝ።

አንቀጹ ምን ይላል?

ወደ ቤቴ ስመለስ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨብኩለትን አንቀጽ አሰብኩ። ቃሉ የሚናገረው ስለ «ቀውም»፣ ማለትም ስለ ሕዝብ ነው። ጦበሪን የመሳሰሉ ቀደምት ሙፈሲሮችም አላህ ለሕዝብ የሰጠውን ጸጋ፣ ሕዝቡ በአመፅ ራሱን እስካልለወጠ ድረስ እንደማይነሣ የሚያስጠነቅቅ አድርገው አብራርተውታል። ዛሬ ለለውጥ መነሣሻ አድርገን ብናነበውም ክፋት የለውም። ለሕዝብ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ወስዶ ማሳው በተበላ አንድ ደሃ ልጅ ግንባር ላይ መለጠፍ ግን አንቀጹን ያለ ቦታው ማዋል ነው። መለወጥ ያለበት «ቀውም» ከሆነ ደላላውም፣ አበዳሪውም፣ ጎረቤቱም፣ ኢማሙም ይገቡበታል።

«ያገኘሁት በራሴ አእምሮ ነው» የሚለው ንግግርም አዲስ አይደለም። በሱረቱል ቀሶስ የተወሳው ቃሩን ሀብቱን ያገኘው በራሱ ዕውቀት መሆኑን ተናግሮ ነበር። በተመልካቾቹ መካከልም የእርሱን በተመኙና ዕውቀት በተሰጣቸው መካከል ልዩነት ነበር። እኔ በአዳማው አዳራሽ ውስጥ ከተመኙት ጋር ተቀምጬ ነበር።

ይህን ስል ግን ኢስላም እጅን አጣጥፎ «ቀደሬ ነው» ማለትን ያስተምራል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገበው ሐዲስ ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው በላጭ መሆኑ፣ የሚጠቅመንን አጥብቀን እንድንይዝ፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንታክት ታዘናል። አንድ ነገር ሲደርስብን ደግሞ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያልን ራሳችንን እንዳንበላ፣ ይልቁንም የአላህ ውሳኔ መሆኑን እንድንናገር ተነግሮናል። ከሥራው በፊት ጥረት፣ ከአደጋው በኋላ መጽናናት ማለት ነው። የአዳራሹ ትምህርት የመጀመሪያውን ግማሽ ወስዶ ሁለተኛውን ጣለው፤ ስለዚህም ለከሰረው ሰው ከዕዳው ሌላ የጸጸት ሸክም ጨመረለት።

የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ታሪክም እንዲሁ በግማሹ ይነገራል። ከመካ ባዶ እጁን ተሰዶ መዲና ሲገባ እርዳታ አልፈልግም፣ ገበያውን አሳዩኝ ብሎ ነግዶ መክበሩን የስኬት ተናጋሪዎች ይወዱታል። በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ግን ከርሱ አጠገብ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) አለ፤ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው የቀረበው የመዲና ሰው። ዐብዱረሕማን አልወስድም ማለት የቻለው የሚሰጠው ወንድም ስለነበረ ነው። ወጣቱን «እንደ ዐብዱረሕማን ሁን» የምንል ሰዎች፣ ሰዕድን የሆነለት ማን እንደሆነ እንጠየቃለን።

ከየት የመጣ ትምህርት ነው?

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ረጅም ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ራስን ስለ መርዳት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያዕቁብ ሰሩፍ በ1880 እ.ኤ.አ. ወደ ዐረብኛ መልሶታል። የዴል ካርኔጊ ሰው የማፍራት መጽሐፍ በ1936፣ የናፖሊዮን ሂል ስለ ሀብት የጻፈው በ1937 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች ማለት ነው። የተቸገረ ሕዝብ ተስፋ ፍለጋ መጽሐፍ መግዛቱ ያኔም ነበረ።

ዑለማኦቻችንም እነዚህን መጻሕፍት በጅምላ አልጣሏቸውም። ግብጻዊው ሸይኽ ሙሐመድ አል-ገዛሊ (1917–1996 እ.ኤ.አ.) ካርኔጊ ጭንቀትን ስለ ማስወገድ የጻፈውን አንብበው «ጀዲድ ሐያተክ» የተሰኘ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ከጸሐፊው ልምድ ውስጥ ጥሩ የሆነውን እየመረጡ ከቁርኣንና ከሐዲስ ጋር እያነጻጸሩ አቀረቡት። እንዲህ ያለ ሚዛን ያስፈልገናል። በማለዳ መነሣት፣ ወጪን መመዝገብ፣ ቀጠሮ ማክበር ከማንም ይምጣ ጥሩ ነው።

ሐሳብ ብቻውን ነገርን ይስባል የሚለው ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በሮንዳ በርን ፊልምና መጽሐፍ ዓለምን ያዳረሰው ይህ ነው። በፊልሙ ላይ ከታዩት አስተማሪዎች አንዱ ጄምስ አርተር ሬይ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ብዙ ገንዘብ የከፈሉ ሠልጣኞችን ሙቀቱ በማይቻል ድንኳን ውስጥ አስገብቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈርዶበታል። በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ. ጆአን ውድ የተባሉ የካናዳ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚያወድስ ቃል ሲደጋግሙ ይበልጥ እንደሚከፋቸው አሳይተዋል። ልጁ አዳራሹ ውስጥ ከንፈሩን ያላላወሰው በስንፍና አልነበረም። ያልሆነውን «ነኝ» ማለት ከብዶት ነው።

እኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ያ አዳራሽ ጢም ብሎ የሞላው ሕዝቡ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። «ምን ደረሰብህ?» ብሎ የሚጠይቀው ስላጣ ነው። በመስጊዶቻችን ስለ ዕዳ፣ ስለ ደላላ፣ ስለ ኪሳራ የምንሰማው ስንት ጊዜ ነው? ሰው በጎረቤቱ ያጣውን ጆሮ በቲኬት ይገዛል። ገዝቶም አላገኘውም። እኔ በተናጋሪው አዘንኩበት፤ ልጁ ግን ያዘነው በእኔ ነው።

ሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ላይ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች (ጋሪሚን) ተጠቅሰዋል። ብዙዎቻችን ግን ዘካ ስናወጣ የምንፈልገው በበራችን የቆመውን ለማኝ ብቻ ነው። የከሰረው ነጋዴና ገበሬ አይለምንም፤ በጓሮ ዞሮ ይሄዳልና ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው። አበዳሪዎችም ከመዝገባችን ላይ የተቸገረውን ከሚያጭበረብረው እንለይ። ገበሬዎችም ብቻቸውን ከደላላ ጋር ከመፋጠጥ እንደ መቂ ባቱ ዩኒየን ባሉ ማኅበራት ተደራጅቶ መሸጥን ይምከሩበት። ወጣቶች ሆይ! እናንተም ሥሩ፤ ጣሩ፤ ግመላችሁን አስራችሁ ተወከሉ። ያሰራችሁት ግመል ቢሞት ግን ገዳዩ ሐሳባችሁ እንዳልሆነ እወቁ።

ልጁስ ምን ደረሰ? አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ መዝገቤን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ። በመጀመሪያ ያልኩት «በመኪና ውስጥ የጠየቅከኝን በወጉ አልመለስኩልህም፤ ዐፉ በለኝ» የሚል ነበር። ከዕዳው ምን ያህል እንደተውኩ አልጽፍም፤ የቀረውንም ያለ ቀጠሮ ትቼዋለሁ። ከመስጊዳችን ጥቂት ሰዎች ዘካቸውን በእጁ ሰጡት። እንደ ሐዲሱ ሰው ሁሉ የተዋጣው ዕዳውን አልሞላም።

ታሪኩን በድል ብዘጋው አንባቢ ደስ ይለው ነበር። ግን ልጁ አልከበረም። በግማሽ ጥማድ መሬት ላይ ሽንኩርት ተክሏል፤ ዋጋው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጁሙዓ የኋለኛው ሶፍ ላይ አየሁት። ዛሬ በሱቄ በር ያልፋል፤ «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ» ይለኛል። ለጊዜው ይህ ይበቃኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳ የከበዳቸውን ያቅልልላቸው፤ ያበደርነውንም ልባችንን ያራራልን። በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃን፤ ከቃሩን ኩራትና ከተመኙትም ምኞት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።